የጤፍ፣ የገብስና የስንዴ ተባዮችን በሚያደርሱት ጉዳት ለይቶ መቆጣጠር

ማሳ ላይ ትል ታየ ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው መድኃኒት መግዛት ነው። ትሉ የትኛው እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነና ገና ሊበላ ነው ወይስ በልቶ ጨርሷል የሚለው ጥያቄ ከግዢው በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። ገንዘብም ሰብልም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ የጤፍ፣ የገብስና የስንዴ አምራቾች እንዲሁም ለልማት ጣቢያ ባለሙያዎች የተጻፈ ሲሆን፣ የሚሄደውም ከፍተሻ እስከ ጎተራ ባለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

ማሳውን እንዴት ይፈትሻሉ?

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ትንሽ ስለታም ቢላ፣ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ሰሃን፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ። ለጤፍ ደግሞ ከእንጨት ወይም ከሽቦ የተሠራ ጎኑ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይጨምሩ።

1. ከበቀለ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ይግቡ። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ፀሐይ ሲበረታ ብዙዎቹ ነፍሳት ወደ አፈር፣ ወደ ቅጠል ሥር ወይም ወደ ግንዱ ይሸሸጋሉ።

2. ከድንበሩ አምስት እርምጃ ገባ ብለው ይጀምሩና በዚግዛግ ይሂዱ። አሥር ቦታ ይቁሙ፤ በየቦታው አሥር ተክል ሳይመርጡ ይያዙ። የታመመ የሚመስለውን እየፈለጉ ከያዙ ቁጥሩ ያታልልዎታል። በድምሩ 100 ተክል ስለሚሆን የተጎዱት ብዛት በቀጥታ በመቶኛ ይወጣል።

3. ጤፍ በብተና ሲዘራ አንዱን ተክል ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነው። አራት ማዕዘኑን መሬት ላይ ይጣሉ፤ ውስጡ ያለውን ትል ይቁጠሩ፤ በአራት ሲያባዙት በካሬ ሜትር ስንት እንዳለ ያውቃሉ። አሥር ቦታ ይድገሙና አማካዩን ይውሰዱ።

4. ድንበሩን፣ ቦዩንና የሣር ጥጉን ለብቻ ይዩና ለብቻ ይመዝግቡ። ተምች፣ ደገዛ (ክንፈ አጭር ፌንጣ መሰል ተባይ) እና ፌንጣ ብዙ ጊዜ የሚገቡት ከዚያ ነው። ተባዩ ገና ድንበር ላይ ሳለ ከተደረሰበት ማሳውን በሙሉ መርጨት ላያስፈልግ ይችላል።

5. ቀኑን፣ የሰብሉን ዕድገት፣ የተጎዱትን ብዛትና ያገኙትን ነፍሳት ይጻፉ። አንድ ቀን የተቆጠረ ቁጥር ብዙ አይነግርም። ያለፈው ሳምንት 4 የነበረው ዛሬ 15 ከሆነ ግን ነገሩ እየገፋ ነው።

ጉዳቱ የማን ነው?

ነፍሳቱን ከማየትዎ በፊት ጉዳቱን ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ መለየት ከዚያ ይጀምራል።

ቡቃያው ቁመናው ደህና ሆኖ የመሐል ቅጠሉ ብቻ ከደረቀ ያንን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት። ያለ ትግል ተነቅሎ ከወጣ፣ ጫፉ በስብሶ ከተገኘና መጥፎ ሽታ ካለው የቀንበጥ ዝንብ ሥራ ነው። ቡቃያውን ከታች ወደ ላይ በቢላ ለሁለት ይሰንጥቁትና ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉት፤ እግር የሌለው፣ ጭንቅላቱ የማይለይ፣ ነጣ ያለ ትንሽ ዕጭ ያገኛሉ። ያገኙት ትል እግር ካለው፣ ጭንቅላቱም ቡናማና ጠንካራ ከሆነ፣ ግንዱም ላይ ቀዳዳና የመጋዝ ብናኝ የመሰለ እዳሪ ካለ አገዳ ቆርቋሪ ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው።

ተክሉ ከመሬት ጋር ተቆርጦ ከተኛ አፈሩን በጣት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር ያድርጉት። ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ወፍራም ትል ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። ሥሩ ተበልቶ ግንዱ ላይ የአፈር ልባስ ከተለጠፈበት ምስጥ ነው።

የተላጨ የመሰለ፣ ጠርዙ የተበላ ቅጠል የተምች፣ የፌንጣ ወይም የሌላ ቅጠል በል ትል ምልክት ነው። ቅጠሉ ሳይበላ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ዘንግ መስመር ካሳየ ውስጡን ይፍቱት፤ የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ማድረግ ግድ ነው። ስንዴ ላይ ቢጫ መስመር ሲያዩ ቅጠሉን በነጭ ጨርቅ ወይም በአውራ ጣት ይጥረጉት። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት ከያዘ ዋግ ነው። ዋግ ፈንገስ ስለሆነ የነፍሳት መድኃኒት ምንም አያደርገውም፤ በዚያ የሚጠፋው ሳምንት ደግሞ ስንዴውን ይጨርሰዋል። ዱቄት ከሌለና ቅጠሉ ከተጠቀለለ ወደ ክሽክሹ ይመለሱ። ቢጫነቱ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ማሳውን እኩል ካዳረሰ ደግሞ የናይትሮጅን እጥረት ወይም ውኃ የመቋጠር ችግር ነው፤ በተለይ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) መሬት ላይ። እዚያ የሚያስፈልገው ውኃውን ማጠንፈፍ ነው።

ከመዝራት በፊት

የተባይ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ዘር ሳይወድቅ ነው። ካለፈው ሰብል ሳይዘሩት የበቀለውን ገብስና ስንዴ ክረምቱ ሲገባ አርሰው ይገልብጡት። ክሽክሽ ከአዝመራ ወደ አዝመራ የሚሻገረው በዚያና በሣር ላይ ነው። በልግና መኸር ተከታትለው በሚዘሩባቸው የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ገብስ ከማሳው ስለማይጠፋ ይህ ሥራ ሊታለፍ አይገባም።

አካባቢው በአንድ ሰሞን ቢዘራ ይመረጣል። አንዱ ሰኔ መጀመሪያ፣ ሌላው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከዘራ የቀንበጥ ዝንቡ ከቀደመው ቡቃያ ላይ ተራብቶ የዘገየውን ይጠብቃል። ከጎረቤቱ ዘግይቶ የሚዘራ ሰው ጉዳቱ የሚበረታበት ምክንያት ይህ ነው።

ገብሱ በየዓመቱ በዝንብ የሚመታ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ በተመዘገበ የዘር መድኃኒት ዘሩን ማሸት ከቅጠል ርጭት የተሻለ ውጤት አለው፤ ዕጩ ወደ ግንዱ ሲገባ ተክሉ ውስጥ መድኃኒቱን ያገኘዋል። ሲያሹ ጓንት ያድርጉ፤ በሸራ ላይ ወይም በሚዘጋ በርሜል እንጂ በእንጀራ ሌማት ወይም በቤት ዕቃ አይሁን። የተረፈውን የታሸ ዘር አጥቦ መብላትም፣ ለዶሮ መስጠትም አይቻልም።

ዩሪያን በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጣል ቅጠሉን ለምለምና ለስላሳ ያደርገዋል፤ ክሽክሽ ደግሞ እንዲህ ያለውን ይወዳል። ከፍሎ መስጠት ለሰብሉም ለዚህም ይበጃል።

የመጀመሪያው ወር፦ የቀንበጥ ዝንብ

ጤፍም ገብስም የየራሳቸው ቀንበጥ ዝንብ አላቸው። ዝንቧ ከቤት ዝንብ አነስ ያለች ግራጫ ነች። እንቁላሏን ቅጠል ላይ፣ ግንዱ ሥር ወይም አጠገቡ ባለው አፈር ላይ ትጥላለች፤ ዕጩ ወደ መሐል ገብቶ የዕድገቱን ጫፍ ይበላዋል።

በጣም ብዙ መድኃኒት ያለ ጥቅም የሚፈሰው እዚህ ነው። የደረቀውን የመሐል ቅጠል ሲያዩ ዕጩ ግንዱ ውስጥ ነው ወይም ጨርሶ ወጥቷል። ከላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሞተው ቀንበጥም ተመልሶ አይነሳም። ገብስም ጤፍም ግን ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ። ያኔ መደረግ ያለበት አረሙን ቶሎ መንቀልና ዩሪያውን በወቅቱ መስጠት ነው፤ አዲሱ ቡቃያ ያለ ተሻሚ ከወጣ ብዙውን ጉዳት ይክሰዋል። በየሳምንቱ ቆጠራዎ አዲሶቹ የጎን ቡቃያዎችም መድረቅ ከጀመሩ የልማት ጣቢያ ባለሙያ ይጥሩ፤ ማሳው ሳስቶ ከቀረ እንደገና መዝራት ይሻል እንደሆነ የሚወሰነው የቀረው የዝናብ ጊዜ ታይቶ ነው።

ክሽክሽ

የሩሲያ ክሽክሽ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት አንቴናው አጭር ነው፤ ከጀርባው ጫፍ ሁለት ጅራት ያለው ይመስላል። ሌሎቹ ክሽክሾች ድቡልቡል ሲሆኑ ከኋላቸው ሁለት ቱቦዎች በግልጽ ይታያሉ፤ ቅጠሉንም አይጠቀልሉትም። እነሱም ቢሆኑ ግን ገብስን የሚያቀጭጭ ቢጫ የቫይረስ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታሉ።

የሩሲያው ክሽክሽ የላይኛውን ቅጠል ሲጠቀልለው ዛላው መውጫ ያጣል፤ ጢሙ ተይዞ ዛላው እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፤ ፍሬውም አይሞላም። የሚበረታው ዝናብ ሲቋረጥ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ከመታ ቁጥሩ በራሱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ለርጭት አይቸኩሉ።

ቆጠራው እንዲህ ነው፦ ከ100 ግንድ ውስጥ ሕያው ክሽክሽ ያለበት ስንት ነው? በሌሎች አገሮች ስንዴ ላይ ከማዘርዘሩ በፊት ለርጭት መነሻ የሚሆነው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ከመወሰንዎ በፊት ግን ጠላቶቹንም ይቁጠሩ። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛና እንደ አዞ የረዘመ፣ ጥቁር ግራጫ ዕጯ በየቀኑ ብዙ ክሽክሽ ይበላሉ። አብጦ፣ ደርቆ፣ የስንዴ ቀለም ይዞ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀ ክሽክሽ ካዩ ውስጡ ጥቃቅን ተርብ አድጋበታለች ማለት ነው። እነዚህ በብዛት ካሉ አምስት ቀን ቆይተው እንደገና ይቁጠሩ። የክሽክሹ ቁጥር እየወረደ ከሆነ ሥራው በእነሱ እጅ ነው፤ መርጨት እነሱን ገድሎ ክሽክሹን ነጻ ማውጣት ይሆናል።

መርጨት ካስፈለገ የተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ የሚደርሰው በተክሉ ውስጥ የሚዘዋወር መድኃኒት ነው። በንክኪ ብቻ የሚገድል መድኃኒት ቅጠሉን ከውጭ አርሶ ይቀራል። ስሙን ከማየት በፊት ዕቃው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ (ስያሜው) ላይ ለገብስ ወይም ለስንዴ ክሽክሽ መመዝገቡን ያረጋግጡ።

ተምች

የአፍሪካ ተምች ነገር ፍጥነት ነው። የእሳት እራቶቹ በነፋስ ተጉዘው፣ ዝናብ በጣለበት ያርፉና እንቁላል ይጥላሉ፤ በ2 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበላል። ገና ሲፈለፈል አረንጓዴና ጥቃቅን ስለሆነ አይታይም፤ ሲበዛና ሲጠጋጋ እንደ ቬልቬት ይጠቁራል፤ በጎኑ ቀጫጭን ቢጫ መስመሮች ይኖሩታል። ከጠቅላላው የሚበላውን አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። «ትናንት አልነበረም፣ ዛሬ ማሳው ራቁቱን ቀረ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ነበረ፤ ግን ትንሽ ነበር።

ከበቆሎ ጋር በተያያዘ ስሙ የሚነሳውና ኢትዮጵያ ውስጥ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታየው የአሜሪካ ተምች ሌላ ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ «ዋይ» ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ ከኋላው ጫፍ አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ከሁሉ የሚወደው በቆሎን ነው።

የአፍሪካው ተምች ሣርና የአገዳና ብርዕ እህሎችን ይበላል፤ ባቄላና ሽምብራን ይተዋል። አጠገብዎ ያለው ባቄላ ደህና ሆኖ ጤፉ ብቻ ከተላጨ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው።

ምን ያድርጉ? በወረዳው የእሳት እራት ወጥመድ ካለ የሚያዘው ቁጥር በድንገት ሲጨምር ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ቀኑ የሣሩን ጥግና ማሳውን ይፈትሹ። ትሉ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ሳያልፍ ከተገኘ መድኃኒት በደንብ ይሠራል። ከጎረቤት ማሳ ወደ እርስዎ እየተመመ ከሆነ በሚመጣበት በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ በእርስዎ በኩል ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፈር፤ ውስጡ የወደቀውን በአፈር መድፈን ይቻላል። ትሉ አጥሮ፣ ወፍሮ፣ መብላት አቁሞ ወደ አፈር መግባት ከጀመረ መርጨቱን ይተዉት፤ ጉዳቱ አልቋል፣ ሊገደል የሚችለውም ትንሽ ነው። በተረጨ ሣር ላይ ከብት አይሰማራ።

መስከረምና ጥቅምት፦ ቀይ የጤፍ ትልና ደገዛ

ቀይ የጤፍ ትል የመረሬ መሬት ተባይ ነው፤ በበቾና በእነዋሪ አካባቢ ይታወቃል። ቀን መሬቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ይበላል። ቀን ማሳውን ዞሮ «የለም» የሚል ሰው ስለዚህ ይሳሳታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በባትሪ ይግቡ፤ ወይም ቀን ስንጥቁን በጭራሮ ይፈልፍሉና አራት ማዕዘንዎን ተጠቅመው ይቁጠሩ። መርጨት ቢያስፈልግም ሰዓቱ አመሻሽ ላይ ነው፤ ጠዋት የተረጨ ትሉን አያገኘውም።

ደገዛ በተለይ ወሎና ሰሜን ሸዋን ያስቸግራል። ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈለፈላል፤ እንቁላሉ በጋውን አፈር ውስጥ ይከርማል። የሚፈልገው ቅጠሉን ሳይሆን ወተት የያዘውን ፍሬ ነው፤ ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ብዙ አይጎዳውም። ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቶሎ የሚደርስ የጤፍ ዝርያ በወቅቱ ከተዘራ አደገኛውን ጊዜ ያመልጣል። ሁለተኛ፣ መብረር ስለማይችልና ጠዋት በቅዝቃዜ ስለሚደነዝዝ ፀሐይ ሳትሞቅ ከዛላው ላይ እየለቀሙ በጆንያ መሰብሰብ ይቻላል፤ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ጠዋት ከወጣ ውጤቱ ይታያል፣ አንድ ሰው ብቻውን ከለቀመ ግን ከድንበር ማዶ ያለው ተሻግሮ ይተካል። የተለቀመውን ለዶሮ መስጠት የሚቻለው ማሳው ካልተረጨ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አጨዳው እንዳለቀ ማሳውንና ያልታረሰውን ጠርዝ ማረስ እንቁላሉን ለፀሐይና ለወፍ ያወጣዋል።

ርጭት፦ ልኬቱና አደጋው

በክዳን መለካት ይቅር። የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ከሌላው አይተካከልም፤ ሰውም አረማመዱ ይለያያል። ልኬቱ እንዲህ ይወጣል፦

በማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይለኩ። መርጫውን በንጹሕ ውኃ 5 ሊትር ይሙሉና በተለመደ አረማመድዎ ያንን ቦታ ይርጩ። የቀረውን ይለኩ። 2.5 ሊትር ከወጣ፣ በ100 ሲያባዙት ለሄክታር 250 ሊትር ውኃ ይፈጃሉ ማለት ነው። ስያሜው ለሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት ካዘዘና መርጫዎ 15 ሊትር ከሆነ፣ 15ን ለ250 አካፍለው በ1000 ሲያባዙ 60 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ይህ የአንድ ሙሉ መርጫ ድርሻ ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 250 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 62.5 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ አራት ሙሉ መርጫና አምስተኛው ላይ 2.5 ሊትር ውኃ ከ10 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ጋር።

መርጫውን ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልተው መድኃኒቱን ይጨምሩ፣ ከዚያ ይሙሉት፤ በእጅ ሳይሆን በእንጨት ያማስሉ። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም እጅጌ፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ይልበሱ። ነፋሱ በጎን ወይም ከኋላ ይሁን። አመሻሽ ላይ መርጨት ንብን ያተርፋል፤ ቀፎ ያለው ጎረቤት ግን ቀደም ብሎ ይነገረው። መጠኑን ማብዛት ተባዩን አብልጦ አይገድልም፤ የተረፉት መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ይሆናሉ፣ ጠቃሚዎቹም ያልቃሉ። በ2 እና በ3ኛው ቀን ገብተው እንደገና ይቁጠሩ።

ከርጭት እስከ አጨዳ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ስያሜው ይናገራል። ደገዛና ቀይ ትል የሚመጡት አጨዳ ሲቃረብ ስለሆነ ይህ ቀን ከሌላው ጊዜ ይልቅ እዚህ ላይ ይከበር። ገለባውም ለከብት የሚቀርብ ነው፤ ከተረጨ ማሳ የተነቀለ አረምም ለላም አይሰጥ። ባዶ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን ወደ መርጫው ይጨምሩ፣ ከዚያ ዕቃውን ይብሱት። ዘይትም ውኃም አይያዝበት።

የረጨ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም መተንፈስ ከከበደው ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ያጥቡት፣ ከነመድኃኒቱ ስያሜ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እንዲያስመልሰው አያስገድዱት።

ከአጨዳ በኋላ

ምስጥ ባለበት ቦታ የታጨደ ነዶ መሬት ላይ አይደር፤ በእንጨት መደብ ላይ ይከመር። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስንዴና ገብስ ግን ይጠቃሉ። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ጠቅ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። ከአሮጌው እህል ጋር አይቀላቀል፤ ጎተራው ተጠርጎ ይለሰን። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ ከገባና አፉ በየድርቡ ተጠምዝዞ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ከረጢቱን ግን በየሳምንቱ እየከፈቱ ማየት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። የሚጨስ ጋዝ የሚሰጥ የእህል እንክብል ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይቀመጥ፣ አይከፈትም።